በመንገድ ዳር ስለሚቆመው የመታሰቢያ ደንጊያ

የሰው ልጅ ከፈጣሪው ከተቀበላቸው የነፍስ ሀብቶች አንዱ ማስታወስ ነው። እንስሳ የበላበትን መስክና የጠጣበትን ውሃ ያስታውሳል፤ ነገር ግን አባቱን በዚያ መስክ ምን እንዳገኘው አይጠይቅም። ሰው ግን እርሱ ያልነበረበትን ዘመን እንደ ነበረበት አድርጎ ያስባል፤ ላላያቸው ሙታን ያለቅሳል፤ ላላወቃቸው አባቶች ምስጋና ያቀርባል። ይህ ሀብት ለበጎ የዋለ እንደ ሆነ ምስጋናንና ንስሓን ይወልዳል፤ ለክፉ የዋለ እንደ ሆነ ደግሞ ትዕቢትንና ቂምን ይወልዳል። ስለዚህ ማስታወስ ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ምን እንደምናስታውስ፥ እንዴትና ለምን እንደምናስታውስም ልንመረምር ይገባናል።

ይህን ነገር ለማንሣት ያበቃን ምክንያት አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃደኞች ወንዶችና ሴቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው የዓድዋን ዘማቾች ፍለጋ ተከትለው በእግራቸው መጓዝ ጀምረዋል። መንገዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያስገድዳቸው አዛዥ የለም፤ የሚከፈላቸው ደመወዝም የለም፤ የሚሹት ነገር ቢኖር የድሉ ቀን በሚከበርበት በየካቲት 23 በዓድዋ ተራሮች ሥር መቆም ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ መካከል ታላቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ይህን የመሰለ ነገር በሌላውም ዓለም ይደረጋል። በፈረንሳይ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. ነጻ አውጪው ጦር ከኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ቤልጅግ ከተማ እስከ ባስቶኝ ያለፈበት መንገድ በየኪሎ ሜትሩ የደንጊያ ምልክት ቆሞለታል። በአሜሪካም በ1781 ዓ.ም. የፈረንሳይና የአሜሪካ ወታደሮች አብረው ከሰሜን እስከ ዮርክታውን የተጓዙበትን መንገድ በየከተማው ያሉ ፈቃደኞች እየተከታተሉ ምልክት ሲያቆሙለት ኖረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት መንገዱን በሕግ የታሪክ መንገድ ብሎ ሰይሞታል።

እንግዲህ በእኛም አገር እንዲህ ያሉ ፈቃደኞች ተነሥተው፥ «የጦሩን መንገድ በደንጊያ ምልክት ልናደርግ ነውና አባቶች ባርኩልን» ቢሉ፥ ካህናት ምን እንመልስላቸዋለን? ባርኮ መመለስ ቀላል ነው፤ ከልክሎ መመለስም ቀላል ነው። መምህር ግን ከሁለቱ አንዱን ከማድረጉ አስቀድሞ የነገሩን ሥር ሊመረምር ይገባዋል። ጥያቄውን የምንመረምረው ድል በተነሣባት በዓድዋ ላይ ቆመን አይደለም፤ በዚያ ላይ የቆመ ሰው ልቡ በደስታ ይሞላልና አጥርቶ መፍረድ ይሳነዋል። በጀልዴሳ ላይ ቆመን እንመርምረው።

ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዲቱ ናት፤ የምትገኘውም ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ቈላው በሚጀምርበት ስፍራ ነው። የምድር ባቡር ከመምጣቱ በፊት ግን ከዘይላና ከጅቡቲ ወደ ሐረር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ዋና ማረፊያ ነበረች። ከባሕር ዳርቻ ተጭኖ በረሓውን ያቋረጠው ግመል በዚያ ይራገፋል፤ ተራራውን የሚወጣው በቅሎና አህያም በዚያ ይጫናል። የቈላው ሰውና የደጋው ሰው፥ የባሕሩ ሸቀጥና የተራራው ቡና የሚገናኙባት የቀረጥ በር ነበረች። ግብፆች ሐረርን በያዙበት ዘመን፥ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.፥ ወታደር አኑረውባት ነበር። በ1878 ዓ.ም. ከኢጣልያ የመጡት የፖሮ ተጓዦች በዚያ አካባቢ ተገደሉ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ለአገሩም ገዥ አድርገው መኰንንን ሾሙ። ከዚያም ወዲህ ከባሕር የሚመጣው ጠመንጃና ጥይት በዚህ በር ይገባ ነበር።

በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው የምድር ባቡር ከተራራው ሥር ደርሶ ድሬዳዋ በተቈረቈረች ጊዜ፥ ነጋዴው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐዲዱ መለሰ። የድሬዳዋ መወለድ ለጀልዴሳ መረሳት ሆነ። እንግዲህ ጀልዴሳ የተረሳ መንገድ ናት፤ የመታሰቢያ ደንጊያ የሚያስፈልገው ደግሞ ለተረሳ መንገድ ነው። ሁሉ ለሚያውቀው ምልክት አያሻውም።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለሚቆም ደንጊያ ሁለት ዓይነት ታሪክ ይነግሩናል። ኢያሱ እስራኤልን ዮርዳኖስን ባሻገራቸው ጊዜ፥ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ደንጊያዎች ተሸክመው እንዲያወጡና ባደሩበት እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ይህም በኢያሱ ምዕራፍ 4 ተጽፏል። ምክንያቱንም ሲነግራቸው፥ ወደ ፊት ልጆች ስለ ደንጊያዎቹ በጠየቁ ጊዜ አባቶች እግዚአብሔር ውሃውን እንዳደረቀላቸው እንዲነግሩአቸው ነው አለ። ሳሙኤልም ፍልስጥኤማውያን ድል በተነሡ ጊዜ ደንጊያ አቁሞ፥ ድሉን ለራሱ ሳያደርግ የእግዚአብሔር ረድኤት መታሰቢያ አደረገው፤ ይህም በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ይገኛል። በሌላው ወገን ግን ሳኦል አማሌቅን ከመታ በኋላ፥ የታዘዘውን ሳይፈጽም፥ በቀርሜሎስ ለራሱ መታሰቢያ አቆመ፤ በዚያው ሰሞን መንግሥቱ ከእርሱ እንደ ተወሰደ ተነገረው። አቤሴሎምም ስሙን የሚያስጠራለት ልጅ እንደሌለው አይቶ በሕይወቱ ሳለ ሐውልት ለራሱ አቆመ፤ እርሱ ግን በዱር ሞቶ በጕድጓድ ተጣለ፥ ደንጊያም ተከመረበት። ስለዚህ አቤሴሎም ሁለት ደንጊያ አለው ማለት ነው፤ አንዱን ራሱ አቆመው፥ ሁለተኛውን ሥራው ከመረበት።

በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት በደንጊያው መጠን ወይም በጠራቢው ብልኀት አይደለም፤ ደንጊያው ለሚጠይቀው ልጅ በሚሰጠው መልስ ነው። የኢያሱ ደንጊያ ጠያቂ ይጠብቃል፤ የሳኦል ደንጊያ ተመልካች ይጠብቃል። የኢያሱ ደንጊያ ከወንዝ መካከል፥ ከሚያስፈራው ስፍራ የወጣ ነው፤ የሳኦል ደንጊያ ግን ከኵራት የወጣ ነው። ዐሥራ ሁለት መሆናቸውንም እንመልከት። ዐሥራ ሁለት መሆናቸው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ ነገዶቹ ዐሥራ ሁለት ስለሆኑ፥ ማንም ነገድ ከመታሰቢያው እንዳይቀር ነው፤ አንድም፥ አንዱ ነገድ ለብቻው «ዮርዳኖስ የተከፈለው ለእኔ ነው» ብሎ እንዳይታበይ ነው። እንግዲህ የመታሰቢያ ደንጊያ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይሁን፥ መታሰቢያውም የሁሉ ይሁን።

የራሳችንም አገር ምስክር አለው። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና የዘመቻውን ነገር በደንጊያ ላይ አስጽፎ ትቶልናል። አስቀድሞ ባስጻፋቸው ጽሑፎች ድሉን ለአረማውያን አማልክት ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ኖባ ዘምቶ ያስጻፈው ግን ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል። በዚያ ደንጊያ ላይ ሁለት ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ንጉሡ የተማረኩትንና የሞቱትን ቈጥሮ ጻፈ፤ ሴቶችንና ሕፃናትንም ከቍጥሩ አልሰወረም። ሁለተኛው፥ በጽሑፉ መጨረሻ ሕዝቡን በጽድቅ ለመግዛትና እንዳይበድል ይጸልያል። ያ ቍጥር ዛሬ ሲነበብ ያስደነግጣል፤ ጸሎቱም ያን ድንጋጤ ያጸናዋል እንጂ አያጠፋውም። ነገር ግን ከ1,600 ዓመት በፊት የቆመ የጦር ደንጊያ የሞቱትን ሳይሰውር፥ በድል ላይ የፍትሕን ግዴታ ጨምሮ ከተናገረ፥ በእኛ ዘመን የሚቆም ደንጊያ ከዚያ ያነሰ ሊናገር አይገባውም።

እንግዲህ ሁለተኛው ሕግ እውነት ነው። የዓድዋን መንገድ በምናስብበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱን፥ እቴጌይቱን፥ መኳንንቱን እናስባለን፤ ይህ የሚገባ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ በጦርነቱ ላይ ወድቀዋል፤ አቡነ ማቴዎስም ከሠራዊቱ ጋር ዘምተዋል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ወጥቷል። ነገር ግን 100,000 ያህል ሰው ያን መንገድ ሲሄድ ማን አበላው ብለን እንጠይቅ። ዘመቻው የታወጀው በ1888 ዓ.ም. መባቻ ነው። ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው፥ ከብቱ በበሽታ ያለቀበትና ሰው በረኀብ የረገፈበት ዘመን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆነውት ነበር። ከዚያ ረኀብ የተረፈው ገበሬ ነው ጐተራውን የከፈተው፤ ወድዶ የከፈተም አለ፥ ሳይወድ የተከፈተበትም አለ። ሴቶች ደረቅ ስንቅ አዘጋጅተው፥ እንስራና ምጣድ ተሸክመው ከጦሩ ጋር ተጓዙ። በየካቲት 23 ጧት ውጊያው ሲጀመር እንኳ ብዙው ወታደር ስንቅ ፍለጋ ተበትኖ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ በጦሩ መንገድ ዳር የሚቆም ደንጊያ ራስና ደጃዝማች ብቻ ቢጽፍ፥ እውነቱን በግማሽ ተናገረ። በግማሽ የተነገረ እውነት ደግሞ በሚዛን ላይ እንደ ተሰረቀ እህል ነው፤ የቀረው ንጹሕ ቢሆንም የጐደለው ይጠይቃል።

ከዚህም የከበደ እውነት አለ። ከድሉ በኋላ ለኢጣልያ ወግነው ሲዋጉ የተማረኩ 800 ያህል የአገራችን ልጆች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። የዚያ ዘመን ፍርድ ከሐዲ ብሎ የፈረደባቸው ናቸው። ይህን ስናነሣ የአባቶችን ክብር ለማሳነስ አይደለም፤ ክርስቲያን አባቱን የሚያከብረው ኃጢአቱን በመሰወር ሳይሆን ስለ እርሱ በመጸለይ ነውና። መጽሐፈ ነገሥት የዳዊትን ታላቅነት ይነግረናል፤ የኦርዮንንም ደም አልሰወረም። የዳዊት ክብር በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋም፤ እንዲያውም የንስሓው መዝሙር ከድሉ ሁሉ ይልቅ በየዕለቱ ይጸለያል። ይህ ድካም የእኛ ብቻም አይደለም። ከላይ ያነሣነው የአሜሪካ ጦር ለነጻነት ተዋግቶ ባሸነፈበት አገር ባርነት ከዚያ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቷል። ነጻነት የሚለው ቃል በደንጊያ ላይ በተቀረጸበት መንገድ ነጻነት የሌላቸው ሰዎች ተመላልሰዋል። በጀልዴሳም መንገድ ቡናና ጨርቅ ብቻ አላለፈም፤ ለሽያጭ የተነዱ ሰዎችም ወደ ባሕር ወርደውበታል።

ሦስተኛው ሕግ የባልንጀራን ኀዘን ማሰብ ነው። በሐረርጌ ምድር የጦር መንገድ ሲባል አንድ ትርጕም ብቻ የለውም። ከዓድዋ 9 ዓመት አስቀድሞ በጨለንቆ ብዙ የሐረር፥ የኦሮሞና የሶማሌ ልጆች ሞተዋል። ለእነርሱም በጨለንቆ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የሐረር ሠራዊት በራስ መኰንን መሪነት ወደ ሰሜን ዘምቶ በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ሲያሸንፍ የአገር ሁሉ ደስታ ሆነ፤ ራስ መኰንን ያሠሩት የቍልቢ ገብርኤልም እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን ስእለትና ምስጋና ምስክር ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ አውራጃ፥ በአንድ መስፍን ስም የሚጠራ ደስታና ኀዘን አለ። ምን እናድርግ? አንዱን ደንጊያ አቁመን ሌላውን እናፍርስን? ወይስ ሁለቱንም እየተውን እንርሳ? ሐዋርያው በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 12 ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ያለውን በዚያው አንቀጽ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን አስተባብሮ አዝዟል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አላለም። ደስታችንን ለመንገር ጎረቤታችን ኀዘኑን ይሰውርልን ማለት ከፍቅር የወጣ አይደለም። ጎረቤትም ኀዘኑን ለመንገር ደስታችንን ይንቀል ማለት እንዲሁ ነው። ሁለት ደንጊያ በአንድ አገር ሊቆም ይችላል፤ ሁለት ደንጊያ የሚያስችል ልብ ግን ያስፈልጋል።

በተለይም በጀልዴሳ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። መንገዱም የእርሱ ደጅ ነው። በሰው ደጅ ላይ ሳይመክሩ ደንጊያ ማቆም መታሰቢያ ሳይሆን ወሰን መግፋት ይሆናል። አብርሃም እንኳ ተስፋ የተሰጠው ምድር ሳለ፥ ሣራን ለመቅበር በኬጢ ልጆች ፊት ተነሥቶ ሰገደ፥ ስፍራውንም በዋጋ ገዛ እንጂ በኀይል አልወሰደም። ስለ ሙታን የሚደረግ ነገር ሕያዋንን በማክበር ይጀምራል።

አራተኛው ሕግ የምሕረት ነው፤ ጀልዴሳን የመረጥነውም ይልቁን ስለዚህ ነው። ለድል የሚወጣው ጦር በዚህ አላለፈም፤ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በጀልዴሳ ያለፈው ሌላ ጉዞ ነው። በዓድዋ የተማረኩት ኢጣልያውያን ከ1,500 ይበልጡ ነበር፤ ወደ መሐል አገር ተወስደው በየመኳንንቱ ቤት ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከጅቡቲ በሐረር አድርገው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቍስለኞችን አከሙ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ምርኮኞቹም በሐረር በኩል ወደ ባሕር ዳርቻ ወርደው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የዚያ ዘመን የሐረርና የባሕር መንገድ በጀልዴሳ የሚያልፍ ነበርና፥ ጠላት ሆኖ የመጣው ሰው በሕይወት ወደ እናቱ የተመለሰባት በር ይህች ናት። ሰልፍ የለውም፥ መለከት የለውም፥ ሰንደቅ የለውም፤ በበረሓ የሚወርድ የደከመ ሰው ጉዞ ነው።

ይህን የሚመስል በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 እናገኛለን። ኤልሳዕን ሊይዙ የመጡ የሶርያ ወታደሮች ዓይናቸው ታውሮ በሰማርያ መካከል ገቡ። የእስራኤል ንጉሥ ሊገድላቸው ነቢዩን ጠየቀ፤ ነቢዩ ግን እንጀራና ውሃ አቅርቦላቸው ወደ ጌታቸው እንዲያሰናብታቸው አዘዘው። ንጉሡም ታላቅ ግብዣ አድርጎ ሰደዳቸው። ሰይፍ ያላስቀረውን የወንበዴ ጭፍራ ግብዣ አስቀረው። በመቀሌም የሆነውን እናስብ። በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉ በተከበበ ጊዜ፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ተያዘ፤ የኢጣልያ ወታደር በጥም ሊያልቅ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው፤ የሚጫኑበትም በቅሎ እንዲያገኙ አደረጉ። በጦር ሥርዓት የሚያስበው ሰው ይህን ስሕተት ይለዋል። ጥም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ይለዋል።

ከዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አንሸሸውም። «የእናንተ ምሕረት ምን ረባ? የተለቀቁት ሰዎች አገር ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የመርዝ ጢስ ረጨብን፤ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን ገደለ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኰሳት ፈጀ። ኤልሳዕ ያሰናበታቸው አልተመለሱም፤ እኛ ያሰናበትናቸው ግን ተመለሱ» የሚል ሰው ቢኖር ሐሰት ተናገረ አንለውም። ነገሩ የተፈጸመ ነው፤ ደሙም ይጮኻል።

ነገር ግን ይህ ሰው ምሕረትን እንደ ንግድ ቈጥሮታል። ነጋዴ ወርቅ ሰጥቶ ጨው ቢቀበል ከሰርሁ ይላል። ምሕረት ግን ዋጋዋን ከምሕረት ተቀባይ አትጠብቅም፤ የምሕረት ከፋይዋ እግዚአብሔር ነው። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ባነጻ ጊዜ አንዱ ብቻ ተመልሶ አመሰገነ፤ ስለ ዘጠኙ ግን ፈውሱን አልመለሰባቸውም። ሁለተኛም፥ በ1928 ዓ.ም. የመጣው በደል የሠሩት ሰዎች በደል ነው፤ በ1889 ዓ.ም. የተደረገው ምሕረት በደል አይሆንም። ሰው ቤቱን ለእንግዳ ከፍቶ በሌላ ቀን ሌባ ቢገባበት፥ ሌብነት ተወቀሰ እንጂ እንግዳ መቀበል አልተሻረም። ሦስተኛም፥ የ1889 ዓ.ም. ምሕረት ያለ ፍሬ አልቀረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፥ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ያ ትእዛዝ ከወንጌል የተቀዳ ነው፤ ነገር ግን በወንጌል የተጻፈ ሁሉ በሕዝብ ልብ ውስጥ ስፍራ እንዲያገኝ አስቀድሞ አባቶች የሄዱበት መንገድ መኖር አለበት። የምሕረት መንገድ በአንድ ቀን አይጠረግም።

ሌላም ወገን ደግሞ አለ። እርሱም፥ «ቤተ ክርስቲያን ደንጊያ ምን ያደርግላታል? ሙታንን የምታስበው በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር፥ በምጽዋትና በቅዳሴ ነው፤ ሐውልት የዓለማውያን ነው» ይላል። የዚህም ሰው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ለሙታን ነፍስ ደንጊያ አይረባም፤ ጸሎት ይረባል። ጌታም የነቢያትን መቃብር እየሠሩ የነቢያትን ቃል የማይሰሙትን ጸሐፍትና ፈሪሳውያን እንደ ገሠጸ በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ተጽፏል። ነገር ግን ያ ተግሣጽ በግንቡ ላይ ሳይሆን በግብዝነቱ ላይ ነው። ደንጊያው ለሙታን ሳይሆን ለሕያዋን የሚቆም ነው፤ ተዝካሩ ለሙታን ነው። ስለዚህ ሁለቱን እናጋባቸው እንጂ አናጣላቸው። ደንጊያ ያለ ተዝካር ደረቅ ነው፤ ተዝካርም ያለ ምልክት ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ስም ይጠፋበታል። በዓድዋ ድል መታሰቢያነት በአዲስ አበባ የታነፀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያስተምረናል፤ በአንድ ስፍራ ደንጊያውም አለ፥ ጸሎቱም አለ፥ የድሉም ቀን የሰማዕቱ ቀን ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ፈቃደኞቹ መጥተው ባርኩልን ቢሉ፥ እኛ እንባርካለን እንላቸዋለን፤ ነገር ግን አስቀድመን እንጠይቃቸዋለን። ደንጊያችሁ ለሚጠይቅ ልጅ ምን ይመልሳል? የገበሬውን፥ የስንቅ ተሸካሚዋን፥ የቈሰለውን ስም ያውቃል? በዚያ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ወድደው ተቀብለውታል? ጠላት የነበረውን ሰው ሰው ብሎ ይጠራዋል? ለእነዚህ መልስ ያለው ደንጊያ ቢኖር፥ ካህን ጸበል ለመርጨት አይፈር።

በጀልዴሳ ደግሞ ምልክት ቢቆም፥ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሶማልኛና በኦሮምኛም ቢጻፍበት መልካም ነው። በላዩም ጦር የመታውን ሰው ብዛት ከመጻፍ ይልቅ፥ በዚህ በር ነጋዴው፥ ዘማቹ፥ ባሪያው፥ ሐኪሙና ምርኮኛው እንዳለፉ፥ ምርኮኛውም በሕይወት ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ቢጻፍ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከደንጊያው አጠገብ ውሃ ቢኖር ነው። ቈላ ነውና መንገደኛ ይጠማል። ለቀዝቃዛ ውሃ ጽዋ ዋጋ እንዳለው የነገረን ጌታ፥ ለፊደል ዋጋ እንዳለው አልነገረንም። የሚያነብ ሰው ቢጠፋ እንኳ የሚጠጣ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠጣውም ሰው፥ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፥ ያቆሙለትን ሰዎች ይመርቃል። የአካባቢው ካህናትም በየካቲት 23 በቅዳሴ የሁለቱንም ወገን ሙታን ቢያስቡ፥ በጨለንቆ የሞቱትንም በሰብአዊ ኀዘን ቢያስቡ፥ ያን ጊዜ ደንጊያው ሙሉ መታሰቢያ ሆነ እንላለን።

በእግራቸው ለሚጓዙትም ፈቃደኞች የምንለው ቃል አለን። ልጆቻችን ሆይ፥ የምትሄዱበት መንገድ የአባቶቻችሁ ድል መንገድ ነው፤ ነገር ግን ያ መንገድ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የወንድማማች ደም ፈስሶበታል። በወሎና በትግራይ በየደብሩ ደጅ አዲስ መቃብር አለ። የ1888ቱን ሙታን እያመሰገናችሁ በ2013ቱ ሙታን ላይ ዝም ብላችሁ ብታልፉ፥ እግራችሁ ተጓዘ፥ ልባችሁ ግን አልተጓዘም። በየደረሳችሁበት ቤት ልጇን ያጣች እናት ብታገኙ ተቀምጣችሁ አልቅሱ፤ ወገኗን አትጠይቁ። ከደብረ ብርሃን እስከ ወረኢሉ፥ ከአምባላጌ እስከ መቀሌ፥ ከመቀሌ እስከ ዓድዋ የሚቆመው ደንጊያ ሁሉ ይህን ኀዘን የሚሸከም ካልሆነ ለክፉ ቀን የተዘጋጀ መወርወሪያ ይሆናልና እንጠንቀቅ። አንዱ ደንጊያ ለመሠዊያም ይሆናል፥ ለመውገሪያም ይሆናል፤ ልዩነቱ በእጅ ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በየቅዳሴው በየብስና በባሕር ስለሚጓዙ ትለምናለች። መንገደኛው ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት ብላ አትለይም። የመንገድ ደንጊያ የሚያቆም ሰው ይህን የቤተ ክርስቲያን ልመና በደንጊያ ላይ የሚጽፍ መሆን ይገባዋል፤ ያለፈው ሁሉ በሰላም ይረፍ፥ የሚያልፈውም ሁሉ በሰላም ይለፍ ብሎ። እንዲህ ያለ ደንጊያ በጀልዴሳ ቢቆም፥ በዓድዋም ቢቆም፥ ኢያሱ ካቆማቸው ከዐሥራ ሁለቱ ጋር የሚቈጠር ነው። የድልን ክብር ለራሱ ያላስቀረ፥ ከምሕረቱም ምንም ያላጐደለብን አምላክ የአባቶቻችንን ነፍስ ያሳርፍ፤ ለእኛም አጥርተን የምናስታውስበትን ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።